የአሜሪካ 1789፦ ወረቀት ላይ የነበረ መንግሥት እንዴት ሥራ ጀመረ?

ብራና

ነፃነት በ1776 ታወጀ፣ ሕገ መንግሥቱ በ1787 ተረቀቀ፤ በዚያ ሕግ የሚሠራ መንግሥት የቆመው ግን በ1789 ነው። ዓመቱ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ዋሽንግተን ሰገነት ላይ ቆሞ ሲምል የሚያሳየውን ሥዕል ብቻ ነው። ከሥዕሉ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ይበልጥ ስለሚያስተምር እሱን እናውጣው። እኔ መነሻውን ላስቀምጥ፣ የጎደለውን እናንተ ሙሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ 1781 እና የ1782 መግቢያ ላይ ይውላል።)

ኒው ሃምፕሻየር በጁን 1788 ከ13ቱ ግዛቶች ዘጠነኛዋ አጽዳቂ ስትሆን ሕጉ ጸና። የቀድሞው ኮንግረስ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1788 ሦስት ቀን ቆረጠ፦ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ወኪል መራጮች ጃንዋሪ 7 ይሰየሙ፣ ፌብሩዋሪ 4 ድምፅ ይስጡ፣ አዲሱ መንግሥት ማርች 4 ኒው ዮርክ ላይ ሥራ ይጀምር። በመከረኛ መንገድ ለሚጓዝ ሀገር ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው።

ማርች 4 ደረሰ። የተገኙት 8 ሴናተሮችና 13 የምክር ቤት አባላት ነበሩ። 13ቱ ግዛቶች ሁሉ ገና ስላልገቡ (ሰሜን ካሮላይናና ሮድ አይላንድ ውጭ ናቸው) ሴኔቱ 22 መቀመጫ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 59 ነበረው፤ ስለዚህ ለምልዓተ ጉባኤ 12 እና 30 ያስፈልጋል። የታችኛው ምክር ቤት ኤፕሪል 1 ቀን ልክ 30 ሲሞላ ፍሬደሪክ ሙሌንበርግን አፈ ጉባኤ አደረገ። ሴኔቱ ኤፕሪል 6 ሞላ። የፕሬዚዳንቱ ድምፅ የተቆጠረውም በዚያው ዕለት ነው፤ ምክንያቱም የታሸገውን ድምፅ የሚከፍተው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ያለ ምልዓተ ጉባኤ እሱን መሰየም አይቻልም። ለዚሁ ሥራ ብቻ ጆን ላንግደንን ሰየሙና ቆጠሩ። አንድ ወር ከሁለት ቀን የባከነው ሰው በመጠበቅ ብቻ ነው።

ሕግ_ነጋሪ

@ብራና መልካም ጅምር። ስለ ድምፁ አሰጣጥ ልጨምር፣ ዋናው ጉድለት እዚያ ነውና።

እያንዳንዱ ወኪል መራጭ ሁለት ድምፅ ነበረው፤ ግን «ይህ ለፕሬዚዳንት፣ ይህ ለምክትል» ብሎ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ብዙ ያገኘው ፕሬዚዳንት፣ ቀጣዩ ምክትል። ድምፅ የሰጡት 69 ናቸው፣ ሁሉም አንዱን ድምፅ ለዋሽንግተን ሰጡ። አሁን አስቡት፦ ሁሉም ሁለተኛውን ለጆን አዳምስ ቢሰጡ ኖሮ 69 ለ69 ይሆንና ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄድ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ተንኮል ቢያስብማ ምክትል ይሆናል የተባለው ሰው ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችል ነበር። የኒው ዮርኩ ፖለቲከኛ አሌክሳንደር ሃሚልተን ይህን አስቀድሞ ስላየ በየግዛቱ ላሉ ወዳጆቹ ጻፈ፤ ጥቂት ድምፅ ከአዳምስ ወደ ሌላ ሰው እንዲጣል። ውጤቱ ከሚፈለገው በላይ ሆነ። አዳምስ 34፣ ጆን ጄይ 9፣ ሮበርት ሃሪሰንና ጆን ራትሌጅ 6 6፣ ጆን ሃንኮክ 4፣ የቀረው ተበታተነ። አዳምስ ከግማሽ በታች ማግኘቱ ቆጭቶታል። ጉድለቱ የተስተካከለው በ1800 ምርጫ ጀፈርሰንና አሮን በር እኩል ከወጡ በኋላ፣ በ12ኛው ማሻሻያ ነው።

ድምፅ የሰጡት 10 ግዛቶች 73 ድምፅ ነበራቸው፤ ከቨርጂኒያ 2፣ ከሜሪላንድ 2 ሳይሰጥ ቀረ። ኒው ዮርክስ? ዋና ከተማዋ ሆና አንድም ድምፅ አልሰጠችም! የግዛቲቱ ሴኔት በአንድ ወገን፣ የታችኛው ምክር ቤት በሌላው ወገን እጅ ነበር። አንዱ «በጋራ ተቀምጠን እንምረጥ» ሲል (ቁጥሩ ስለሚበልጥ)፣ ሌላው «ለየብቻ መርጠን እናስማማ» አለ። ሳይስማሙ ቀኑ አለፈ፣ 8 ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ። በዚሁ ጠብ ምክንያት ሴናተሮቿም የተመረጡት በጁላይ ነው።

ጥያቄ_አለኝ

ዋሽንግተንን ያስማለው ሮበርት ሊቪንግስተን የሚባል የኒው ዮርክ ዳኛ ነው ይላል። ለምን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አላስማለውም?

ብራና

@ጥያቄ_አለኝ ፍርድ ቤቱ ስላልነበረ። ሕገ መንግሥቱ «አንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኖራል» ብሎ ዝም ብሏል፤ ስንት ዳኛ፣ የት፣ መቼ የሚለው በሕግ እስኪወጣ ድረስ ፍርድ ቤት የለም። ሊቪንግስተን የኒው ዮርክ ግዛት ቻንስለር፣ ማለትም የግዛቲቱ ከፍተኛ ዳኛ ነው፤ በቅርብ የተገኘው እሱ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱም በችኮላ በአቅራቢያው ካለ የፍሪሜሰን ማኅበር የመጣ ነው።

ጉዞውን በተመለከተ፦ የምርጫውን ዜና የቀድሞው ኮንግረስ ጸሐፊ ቻርልስ ቶምሰን የዋሽንግተን መኖሪያ ወደሆነው ማውንት ቨርነን ያደረሰው ኤፕሪል 14 ነው። ዋሽንግተን በ16 ተነሳ፣ በ23 በ13 ቀዛፊዎች ጀልባ ኒው ዮርክ ገባ፣ በ30 ዎል ስትሪት ላይ ባለው ፌደራል ሆል ማለ። ሰፊ መሬት ነበረው፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ስላልነበረው ዕዳውን ለማቃለል ከአሌክሳንድሪያው ሪቻርድ ኮንዌይ 500 ፓውንድ ተበደረ፣ ለጉዞው ደግሞ 100 ጨመረ። ደመወዝ አልፈልግም፣ ወጪዬ ብቻ ይሸፈን ብሎም ነበር። ኮንግረሱ አልተቀበለውም፤ ሕገ መንግሥቱ ክፍያ ይኑረው ስለሚል በዓመት 25,000 ዶላር ቆረጠለት። ምክትሉ 5,000፣ የኮንግረስ አባል በቀን 6 ዶላርና በየ20 ማይል ጉዞ ሌላ 6 ዶላር።

ጉምሩክ_በር

ስለ መሐላው ይብቃንና ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ የዓመቱ ነፍስ እዚያ ነው።

የቀድሞው ኮንግረስ ግብር መጣል አይችልም ነበር፣ ግዛቶችን መለመን ብቻ። በ1781 በገቢ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይፈቀድልኝ ሲል ሮድ አይላንድ ብቻዋን አከሸፈችው፤ በ1783 በድጋሚ ሲሞክር ኒው ዮርክ አሰናከለችው። የ13ቱም ስምምነት ያስፈልግ ስለነበር አንድ እምቢታ ይበቃ ነበር። ስለዚህ የቨርጂኒያው ተወካይ ጄምስ ማዲሰን ኤፕሪል 8 ቀን፣ ማለትም ፕሬዚዳንት ሳይምል፣ ሚኒስቴር ሳይኖር፣ የቀረጥ ሐሳብ አቀረበ። ችኮላው ሂሳብ ነበረው፦ ከእንግሊዝ የሚመጣው የፀደይ ጭነት ወደብ ሳይገባ ሕጉን ማድረስ።

አልደረሰም። ሕጉ የተፈረመው ጁላይ 4፣ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ነው። ያዘገየው ምንድን ነው? አንደኛ ሞላሰስ። የኒው ኢንግላንድ ሰዎች ሞላሰስ ከካሪቢያን አስመጥተው ሩም ይጠምቁበታል፤ በጋሎን 6 ሳንቲም ሲባል ጮኹ፣ ሲወርድ ሲወርድ 2 ሳንቲም ተኩል ላይ ቆመ። ሁለተኛ፣ ማዲሰን የንግድ ውል ከሌላት እንግሊዝ መርከቦች ላይ ውል ካላቸው ሀገሮች የበለጠ ይከፈል አለ፤ የታችኛው ምክር ቤት ተስማማ፣ ሴኔቱ ሰረዘው፣ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሳምንታት ሄዱ። ሦስተኛ፣ ሕጉ ማብቂያ ይኑረው አይኑረው በሚል ተከራከሩና እስከ ጁን 1796 አደረጉት።

ተመኑ ይህን ይመስላል፦ የማዴይራ ወይን በጋሎን 18 ሳንቲም፣ የጃማይካ ደረጃ ሩም 10፣ ቡናማ ስኳር በፓውንድ 1፣ የተጣራው 3፣ ጨው በቡሼል 6። ቡና በፓውንድ 2 ሳንቲም ተኩል (ለእኛ ለቡና ጠጪዎች ያህል)። በስም ያልተጠቀሰው ዕቃ አብዛኛው ከዋጋው 5 በመቶ። ሻይ ላይ ያለው አሠራር ብልህ ነው፦ ጥቁሩ ቦሂ የሚባለው ሻይ ከቻይና በቀጥታ በአሜሪካ መርከብ ከመጣ 6 ሳንቲም፣ በአውሮፓ በኩል በአሜሪካ መርከብ ከመጣ 8፣ በሌላ መርከብ ከሆነ 15። ሕጉ ገንዘብም ይሰበስባል፣ መርከብም ያሠራል። ጁላይ 20 የወጣው የቶን ክፍያ ይህንኑ ያጠናክራል፦ አሜሪካ ውስጥ የተሠራና የአሜሪካዊ የሆነ መርከብ በቶን 6 ሳንቲም፣ አሜሪካ ተሠርቶ የባዕድ የሆነ 30፣ ሙሉ በሙሉ የባዕድ 50።

ጁላይ 31 የአሰባሰቡ ሕግ ወጣ። ባሕር ዳርቻው በጉምሩክ ወረዳ ተከፋፈለ። ትልልቅ ወደቦች ላይ ሦስት ሹማምንት አሉ፦ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ የሰብሳቢውን ሂሳብ በራሱ መዝገብ የሚያመሳክር የባሕር ሹም፣ መዛኞችና ለኪዎችን የሚያሰማራ ተቆጣጣሪ። ሦስት የሆኑት አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። ዕቃ የሚራገፈው በቀን ብርሃንና በፈቃድ ብቻ። ክፍያ በወርቅና በብር ሳንቲም እንጂ በወረቀት አይደለም፤ ሀገሪቱ የራሷ ገንዘብ ማተሚያ ስላልነበራት ሕጉ የሜክሲኮን ዶላር በ100 ሳንቲም፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ክራውንን በ111 ሳንቲም ተመነ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ዱቤው ነው። ከ50 ዶላር በላይ ቀረጥ ያለበት ነጋዴ ዋስ ጠርቶ መፈረም ይችላል፦ ለካሪቢያን ምርት 4 ወር፣ ለማዴይራ ወይን 12 ወር፣ ለሌላው 6 ወር። ስለዚህ ሕጉ ኦገስት 1 ቢጀምርም አብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ካዝና የሚገባው ከወራት በኋላ ነው። ሃሚልተን ሴፕቴምበር 11 የግምጃ ቤት ሚኒስትር ሆኖ ተሹሞ በሁለት ቀኑ ከኒው ዮርክ ባንክ 50,000 ዶላር ለመበደር የተሯሯጠው ለዚህ ነው፤ ከፊላደልፊያው ባንክም ያንኑ ያህል ጠይቋል። ግብሩ አለ፣ እጅ ላይ የለም።

ቀይ_አፈር

@ጉምሩክ_በር ከቀረጥ ዝርዝሩ አንድ ነገር ቀርቷል። በሜይ ወር የቨርጂኒያው ጆሳያ ፓርከር በባርነት ተይዘው በሚገቡ ሰዎች ላይ በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ቀረጥ ይጣል ብሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ንግዱን እስከ 1808 መከልከል አይፈቅድም፣ ቀረጥ መጣል ግን እስከ 10 ዶላር ይፈቅዳል። የጆርጂያና የደቡብ ካሮላይና ተወካዮች ተነሱበት፤ ሌሎችም ሰውን ከሸቀጥ ጋር በአንድ ዝርዝር አናስገባም አሉ። ሐሳቡ ከቀረጡ ሕግ ወጣ፣ ንግዱም ሳይነካ ቀጠለ። የዚያን ኮንግረስ ብልሃት ስናደንቅ ይህንንም አብረን እንጻፈው።

ሕግ_ነጋሪ

@ቀይ_አፈር ልክ ነህ፣ መግባት አለበት።

ግን @ጉምሩክ_በር «የዓመቱ ነፍስ ቀረጥ ነው» በሚለው አልስማማም። ቀረጥ ባይደርስ ለአንድ ዓመት በብድር ይገፋ ነበር። ለዘለቄታው የወሰነው በጁን የተነሳው ጥያቄ ነው፦ ፕሬዚዳንቱ የሾመውን ሚኒስትር ማን ያወርደዋል? ሹመት በሴኔት ይሁንታ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ይናገራል፤ ሽረትን ግን አይጠቅስም። አራት አቋም ተነሳ። በኮንግረስ ክስ ብቻ ይውረድ የሚሉ፣ እንደ ሹመቱ ሴኔቱ ይስማማ የሚሉ፣ ኮንግረሱ በየሕጉ ይወስን የሚሉ፣ ሥልጣኑ የፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው የሚሉ። ማዲሰን በመጨረሻው ቆመ፤ ሚኒስትሩ ፕሬዚዳንቱን ካልፈራ ተጠያቂነቱ ይበጠሳል ነው ክርክሩ። ብልሃቱ ያለው በአጻጻፉ ላይ ነው። «ፕሬዚዳንቱ ሊሽር ይችላል» ብለው ቢጽፉ ኮንግረሱ የሰጠው ሥልጣን ይመስላል። ስለዚህ ያሉት «ሹሙ በፕሬዚዳንቱ በተሻረ ጊዜ መዝገቡን ጸሐፊው ይይዛል» ነው፤ ሥልጣኑ ቀድሞ እንዳለ አድርገው አለፉት። ሴኔቱ ላይ ድምፁ እኩል ተከፍሎ አዳምስ ወሰነው። አንድ ድምፅ!

እታለም

ሁለታችሁም ስትከራከሩ የመሥሪያ ቤቶቹን አሠራር ዘለላችሁት። የውጭ ጉዳይ ጁላይ 27፣ ጦርነት ኦገስት 7፣ ግምጃ ቤት ሴፕቴምበር 2 ተቋቋሙ። የውጭ ጉዳዩ ሴፕቴምበር 15 ስሙ ተቀይሮ ማኅተም መያዝና ሕግ ማሳተም ስለተጨመረበት ነው «ስቴት» የተባለው። ጀፈርሰን ገና ከፓሪስ እየተመለሰ ስለነበር ሥራውን የያዘው በማርች 1790 ነው፤ እስከዚያ ጆን ጄይ ሸፈነለት።

ከሁሉም በጥንቃቄ የተሠራው ግምጃ ቤቱ ነው። አንድ ሂሳብ ለመክፈል ይህን ያህል እጅ ያልፋል፦ ኦዲተሩ ይመረምራል፣ ተቆጣጣሪው አይቶ ያጸድቃል፣ ሚኒስትሩ የክፍያ ማዘዣ ያወጣል፣ ተቆጣጣሪው በማዘዣው ላይ ደግሞ ይፈርማል፣ መዝጋቢው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል። ሚኒስትሩ ብቻውን አንድ ሳንቲም ማውጣት አይችልም፤ ገንዘቡ በእጁ አይደለማ። በሕጉ 8ኛ አንቀጽ የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ንግድ ውስጥ እንዳይገቡ፣ የባሕር መርከብ እንዳይኖራቸው፣ የመንግሥት መሬትና የዕዳ ሰነድ እንዳይገዙ ተከልክለዋል። ቅጣቱ 3,000 ዶላርና ዳግም ሹመት ማጣት ሲሆን ጥፋቱን ያጋለጠ ሰው ግማሹን ይወስዳል። የሚኒስትሩ የዓመት ደመወዝ 3,500 እንደነበር አስታውሱ።

የመጀመሪያው የበጀት ሕግ ሴፕቴምበር 29 ወጣ። አራት መስመር ብቻ ነው፦ ለሲቪል አስተዳደር 216,000፣ ለጦርነት መሥሪያ ቤት 137,000፣ የቀድሞው የግምጃ ቤት ቦርድ ላወጣቸው ያልተከፈሉ ማዘዣዎች 190,000፣ ለጦር ጉዳተኞች ጡረታ 96,000። ድምሩ 639,000 ዶላር። ከሦስት እጅ አንዱ ያህል የቀድሞው መንግሥት ውዝፍ መሆኑን ልብ በሉ።

ጥያቄ_አለኝ

የዜግነት ፈተና ላይ ዳኞቹ ስንት ናቸው ሲባል 9 ነው የምንመልሰው። በ1789ም 9 ነበሩ? ደግሞ «የመብቶች ሰነድ» የሚባለው በዚያው ዓመት ከወጣ ለምን 1791 ይላሉ?

ሕግ_ነጋሪ

@ጥያቄ_አለኝ ለፈተናው 9 በል። ሴፕቴምበር 24 በወጣው ሕግ ግን 6 ነበሩ። ግዛቶቹ 11 ሆነው የፌደራል ወረዳ ፍርድ ቤቶቹ 13 ናቸው፤ ሜይን ከማሳቹሴትስ፣ ኬንታኪ ከቨርጂኒያ ሳይገነጠሉ በርቀታቸው የተነሳ የየራሳቸው ወረዳ ተሰጣቸው። በመካከል ሦስት የዙር ችሎቶች አሉ፤ በእነሱ ላይ ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ከወረዳው ዳኛ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀመጣሉ። ችግሩ ዙሩ ነው፤ ሽማግሌ ዳኛ በፈረስና በጋሪ መቶዎች ማይል ይንከራተታል፣ ወይ ደግሞ በዙር ላይ የፈረደውን ራሱ በይግባኝ ያያል። የተሾመው ሮበርት ሃሪሰን ሥራውን አልተቀበለም። የመጀመሪያው ችሎት ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1790 ሲጠራም ዳኛ አልሞላ ብሎ ለማግስቱ ተላለፈ፤ እንደ ማርች 4ቱ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ፦ በ1789 የወጣው ረቂቁ ነው። ማዲሰን ጁን 8 አቀረበ፤ ብዙዎቹ «ቀረጡ ሳያልቅ ይህ ምን ያስቸኩላል» ብለው አዘገዩት። እሱ የፈለገው ቃላቱ በሕገ መንግሥቱ መሐል በየቦታቸው እንዲገቡ ነበር፤ ሮጀር ሸርማን ግን ዋናው ሳይነካ በመጨረሻ ይቀጠል ብሎ ረታ። ዛሬ ማሻሻያዎቹ ከታች በቁጥር ተደርድረው የምናያቸው በሸርማን ምክንያት ነው። የታችኛው ምክር ቤት 17 አሳለፈ፣ ሴኔቱ ወደ 12 አሳጠረ፣ ሴፕቴምበር 25 ጸደቀ። ግዛቶች ከ12ቱ 10ሩን ተቀብለው ዲሴምበር 15 ቀን 1791 ጸና። ከቀሩት ሁለት አንዱ፣ የኮንግረስ አባላት ደመወዝን የሚመለከተው፣ በ1992 ጸድቆ 27ኛ ማሻሻያ ሆኗል። ሌላው የምክር ቤት መቀመጫ ድልድልን የሚመለከት ሲሆን እስካሁን አልጸደቀም።

ጉምሩክ_በር

@ሕግ_ነጋሪ የሽረቱን ነገር አላጣጣልኩም፤ ሆኖም ሴኔቱና ፕሬዚዳንቱ መጀመሪያ የተጋጩት በእኔው ጉምሩክ ነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን ወደ መቶ የሚጠጉ የጉምሩክ ሹማምንትን ስም ዝርዝር ላከ። ሴኔቱ ለሳቫና ወደብ የታጨውን ቤንጃሚን ፊሽበርንን ጣለው፤ የጆርጂያ ሴናተሮች አልፈለጉትም። ዋሽንግተን ሌላ ሰው ተካና «ጥርጣሬ ሲኖር አስቀድማችሁ ብትጠይቁኝ» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግዛት ለሚሾም ሰው የግዛቲቱን ሴናተሮች ቀድሞ ማማከር ልማድ ሆነ።

ኦገስት 22 ደግሞ ክሪክ ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ጋር ስለሚደረግ ውል ሊያማክር ሴኔት በአካል ሄደ። አዳምስ ወረቀቱን ሲያነብ የመንገዱ ጋሪ ጩኸት አላሰማም አለ፣ መስኮት ተዘጋ፣ እንደገና ተነበበ። ሴናተር ማክሌይ ወረቀቶቹ ይታዩ ሲል፣ ወደ ኮሚቴ ይመራ የሚል ተከተለ። ዋሽንግተን ተቆጣ። በቀጠሮው ተመልሶ ጨረሰ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለምክር ሴኔት አልሄደም።

ጥያቄ_አለኝ

የመጨረሻ፦ ያልገቡት ሁለቱ ግዛቶች ምን ሆኑ? እንደ ባዕድ ተቆጠሩ?

ጉምሩክ_በር

@ጥያቄ_አለኝ በሕግ አዎ። በአሰባሰቡ ሕግ ከሮድ አይላንድና ከሰሜን ካሮላይና የሚመጣ፣ በራሳቸው ያልበቀለ ወይም ያልተሠራ ዕቃ እንደ ባዕድ ዕቃ ይቀረጣል፤ አለበለዚያ የሮድ አይላንዷ ወደብ ኒውፖርት የኮንትሮባንድ በር ትሆን ነበር። መርከቦቻቸው ግን በሴፕቴምበር 16 ሕግ እስከ ጃንዋሪ 15 ቀን 1790 ከባዕድ የቶን ክፍያ ነፃ ተደረጉ። ከአንድ ወገን በር መዝጋት፣ ከሌላው ቀነ ገደብ መስጠት ነው።

ሰሜን ካሮላይና ኖቬምበር 21 በ194 ለ77 ገባች። ሮድ አይላንድ ግን ገደቡ ሲደርስ ሌላ ጊዜ ጠየቀች። ዋሽንግተን በኦክቶበርና በኖቬምበር ኒው ኢንግላንድን ሲጎበኝም በአጠገቧ አልፎ አልገባባትም፣ የኅብረቱ አባል አይደለችምና። በሜይ 1790 ሴኔቱ ንግዷን ፈጽሞ የሚያቋርጥ ሕግ አሳለፈ። የፕሮቪደንስ ነጋዴዎችም ከግዛቲቱ እንገነጠላለን አሉ። ሜይ 29 ቀን በ34 ለ32 አጸደቀች።